ዘፋኙ ሲሄድ ማን ይቀራል? ሦስት ድምፃዊ የሸኘው የናሽቪል ባንድ

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2016 ሎስ አንጀለስ ላይ የግራሚ ሽልማት ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ከወዲሁ እንግባባ።) በዚያ ቀን ክሪስ ስቴፕልተን የሚባል ጺማም፣ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሰውዬ በምርጥ የካንትሪ አልበምና በምርጥ የካንትሪ ነጠላ ድምፃዊ ዘርፍ ሁለት ሽልማት ወሰደ። በዚያው ቀን፣ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ከመክፈቱ በፊት ከሚሰጡት ሽልማቶች መካከል፣ ምርጥ የብሉግራስ አልበም የተባለው የ"ዘ ስቲልድራይቨርስ" ባንድ ሥራ ነበር።

ይሄ ምኑ ይገርማል? ስቴፕልተን የዚህ ባንድ የመጀመሪያው ድምፃዊ ነው። በ2010 ተሰናብቷቸው ወጥቷል። እሱ ሲወጣ ብዙ ሰው "አለቀላቸው" ብሎ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ ግን ሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ዋንጫ ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ባንዱ ከዚያ በኋላም ሁለተኛውን ድምፃዊ አጣ። ሦስተኛውንም አጣ። አሁን በአራተኛው ድምፃዊ እየሠራ ነው። አንድ ባንድ ፊት ለፊት የሚቆመውን ሰው ሦስት ጊዜ ቀይሮ እንዴት ይቆማል? መልሱ ከድምፅ ይልቅ ከዘፈን አጻጻፍ ጋር የተያያዘ ነው። እሱን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሙዚቃውን እንወቀው።

ብሉግራስ፦ ድራም የሌለው ፈጣን ሙዚቃ

ካንትሪ ሲባል ዶሊ ፓርተን ወይም ኬኒ ሮጀርስ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ብሉግራስ የካንትሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን አይወድም። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል (ያው ቫዮሊን ነው፣ አጨዋወቱ ነው የሚለየው)፣ አኮስቲክ ጊታር፣ እና ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ። በቃ። ድራም የለም።

ድራም ከሌለ ምቱን ማን ይይዛል? ማንዶሊኑ። ቤዙ "ዱም" ሲል ማንዶሊኑ በመሃል ክሮቹን መትቶ ወዲያው አፍኖ "ቻክ" ያደርጋል። ዱም ቻክ፣ ዱም ቻክ። ትንሿ ስምንት ክር ያላት መሣሪያ ናት ድራሙን የምትተካው። ይህን አንዴ ካወቃችሁ በኋላ የትኛውንም የብሉግራስ ዘፈን ስትሰሙ ጆሯችሁ ያቺን "ቻክ" መፈለጉ አይቀርም።

የዚህ ሙዚቃ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ነው። በ1911 ኬንታኪ ግዛት ሮዚን በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር የተወለደ ማንዶሊን ተጫዋች። ብሉግራስ የሣር ዓይነት ነው፤ ኬንታኪም በቅጽል ስሟ "የብሉግራስ ግዛት" ትባላለች። ሞንሮ ባንዱን በአገሩ ስም "ብሉ ግራስ ቦይስ" አለው፤ ቆየት ብሎ የባንዱ ስም የሙዚቃው ስም ሆነ። በ1939 ግራንድ ኦል ኦፕሪ ወደተባለው የናሽቪል ታዋቂ የሬዲዮ መድረክ ገባ። በ1945 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኧርል ስክራግስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ባንዱን ተቀላቀለ፤ ባንጆውን በሦስት ጣት እንደ በረዶ ዝናብ ያወርደው ጀመር። ዛሬ ብሉግራስ የምንለው ድምፅ ሙሉ ቅርጹን የያዘው ያኔ ነው ይባላል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ የለብንም። ባንጆ የነጮች መሣሪያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ አፍሪካውያን ያገራቸውን መሣሪያ አስታውሰው ከቅል፣ ከቆዳና ከእንጨት የሠሩት ነው። በጋምቢያና በሴኔጋል አካባቢ የጆላ ሕዝብ የሚጫወተው አኮንቲንግ የባንጆ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ዝምድናውን አይክድም። ሞንሮ ራሱ በወጣትነቱ አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ብሉዝ አጨዋወት እንዳሳየው ይናገር ነበር። እና ብሉዝ ከብሉግራስ ሥር ከመጀመሪያው አለ። ይህን ያዙት፤ ስቲልድራይቨርስ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጠባዩ ይሄ ነው፦ ብሉግራስ የመሰባሰብ ሙዚቃ ነው። በፌስቲቫል ግቢ ውስጥ ጨርሶ የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ክብ ይሠራሉ፣ አንዱ የዘፈን ስም ይጠራል፣ ወዲያው ይጀምራሉ። ይህ የሚቻለው ሁሉም የሚያውቁት የጋራ የዘፈን ክምችት ስላለ ነው። ደስ የሚል ባህል ነው። ግን ጣጣም አለው፤ ብዙ ባንድ እነዚያኑ የድሮ ዘፈኖች ስለሚጫወት ውድድሩ "ማን ይፈጥናል? ማን ጣቱ ይቀላጠፋል?" ወደሚል ይሄዳል። ማንም ቀድሞ ሰምቶት በማያውቀው በራስ ዘፈን ላይ ብቻ ባንድ ማቆም በዚህ ዓለም ውስጥ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ዘፈን የሚጻፍበት ሰፈር

አሁን ወደ ናሽቪል እንሂድ። የቴነሲ ዋና ከተማ ናት። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያንና እንጀራ ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች ከተከታታዮቻችንም እዚያ የምትኖሩ አላችሁ፤ "የሙዚቃ ከተማ" የሚለውን ቅጽል ስሟን ከኤርፖርቱ ጀምሮ ታዩታላችሁ።

ናሽቪል ውስጥ ሚውዚክ ሮው የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ዘፈን መጻፍ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሥራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ደራሲዎች ቀጠሮ ይይዛሉ፤ ብዙውን ጊዜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ ጊታርና ቡና ይዘው አንድ ክፍል ይገባሉ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ዘፈን ይዘው ይወጣሉ። ደራሲው የዘፈን አሳታሚ ከሚባል ድርጅት ጋር ውል አለው፤ አሳታሚው ዘፈኑን ይዞ ለታዋቂ ዘፋኞች ያቀርባል። መቶ ተጽፎ አንድ ቢቀረጽ ትልቅ ነገር ነው። የቀረው መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

እኛ አገር ዘፈን ስንሰማ "የእገሌ ዘፈን" የምንለው በዘፋኙ ስም ነው፤ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ካሴቱ ሽፋን ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይቀር ነበር። ናሽቪልም ውስጥ ቢሆን ሰፊው አድማጭ ደራሲውን አያውቀውም። ከተማዋ ግን ታውቀዋለች። ብሉበርድ ካፌ የሚባል ከሱቆች መደዳ መሃል የተሸጎጠ፣ 90 ሰው ገደማ የሚይዝ ቤት አለ፤ በ1982 ነው የተከፈተው። እዚያ ደራሲዎቹ ራሳቸው ክፍሉ መሃል ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሌሎች ያነገሡትን ዘፈናቸውን ተራ በተራ ይጫወታሉ። ወሬ ክልክል ነው። በሹክሹክታም ቢሆን ያወራ "እሽሽ" ይባላል።

ማይክ ሄንደርሰን የዚህ ቤት ሰው ነበር። ለረጅም ዓመታት ሰኞ ሰኞ ማታ ብሉበርድ ላይ በባንዱ ብሉዝ ይጫወት ነበር፤ ማንዶሊንም ይችላል፣ ጊታርም ይችላል፣ ዘፈንም ይጽፋል። ክሪስ ስቴፕልተን ደግሞ ከምሥራቅ ኬንታኪ፣ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን አገር የመጣ ልጅ ነው። ናሽቪል ወደሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ለኢንጂነሪንግ ትምህርት ገብቶ ሳይጨርስ ተወው፤ በ2001 ደግሞ ዘፈን ደራሲ ልሁን ብሎ ወደ ከተማዋ ተመለሰና ወዲያው ከአንድ አሳታሚ ጋር ውል ፈረመ። ለሌሎች የጻፋቸው ዘፈኖች ገበታ ላይ አንደኛ ወጥተዋል፦ ጆሽ ተርነር በ2006፣ ኬኒ ቼስኒ በ2007፣ ሉክ ብራያን በ2013 ያወጧቸው አሉ። ሕዝቡ ዘፈኖቹን በቃል ያውቃቸዋል፣ ሰውየውን መንገድ ላይ ቢያገኘው አያውቀውም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው መጻፍ ጀመሩ። የጻፏቸው ነገሮች ግን የሚውዚክ ሮው ገበያ የሚፈልጋቸው ዓይነት አልነበሩም። ገዳይ አለበት፣ እስር ቤት አለበት፣ ሞት አለበት። ለሬዲዮ የጠዋት ፕሮግራም የሚሆን አይደለም።

2005፦ ለጨዋታ የተጠራ ስብሰባ

በ2005 ሄንደርሰን "እስቲ ተገናኝተን እንጫወት" ብሎ ወዳጆቹን ጠራ። ስቴፕልተን ጊታርና ድምፅ፣ ሄንደርሰን ማንዶሊን፣ ሪቻርድ ቤይሊ ባንጆ፣ ማይክ ፍሌሚንግ ቤዝ፣ ታሚ ሮጀርስ ፊድል። ከስቴፕልተን በቀር ሁሉም ለዓመታት ከሰው ጀርባ ሆነው በስቱዲዮና በመድረክ የሠሩ በሳል ሙዚቀኞች ናቸው። ዝና ፍለጋ የወጣ ልጅ የለበትም።

ስማቸው ራሱ ታሪክ አለው። "ስቲል ድራይቨር" የሚባለው በባቡር ሐዲድ ሥራ ጊዜ በትልቅ መዶሻ የብረት መሰርሰሪያ እየመታ አለት የሚቦረቡር ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ አፈ ታሪክ ከነዚህ ሁሉ ስመ ጥሩ ጆን ሄንሪ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ነው፤ በእንፋሎት ከሚሠራ መሰርሰሪያ ማሽን ጋር ተወዳድሮ አሸንፎ እዚያው መዶሻውን እንደያዘ ሞተ ይባላል። ባንዱ ከሚጫወተው ሙዚቃ ጋር ስሙ በጣም ይሄዳል። ባንጆና ፊድሉ የተራራው ነው፣ የሚዘፈንበት ጉሮሮ ግን የብሉዝና የሶል ነው። ከላይ "ያዙት" ያልኳችሁ ይሄንን ነው። ሞንሮ ከብሉዝ የቀዳው ነገር በጊዜ ብዛት በጥራትና በፍጥነት ሥር ተቀብሮ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ቆፍረው አወጡት።

የመጀመሪያው አልበማቸው በ2008 ወጣ፤ ስሙ የባንዱ ስም ነው። በ2010 "ሬክለስ" ተከተለ። በሁለቱም ላይ ባሉ ሥራዎች ለግራሚ ታጭተዋል። በ2009 ዓለም አቀፉ የብሉግራስ ሙዚቃ ማኅበር "የዓመቱ አዲስ መጪ" ብሎ ሸልሟቸዋል። አባላቱ በአብዛኛው ጎልማሶች ሆነው "አዲስ መጪ" መባላቸው ራሱ ፈገግ ያሰኛል።

ዘፈኖቹ ውስጥ ምን አለ?

ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

"ኢፍ ኢት ሃድንት ቢን ፎር ላቭ"፤ ፍቅር ባይኖር ኖሮ እንደማለት ነው። ተራኪው እስር ቤት ያለ ሰው ነው። ጥላው የሄደችውን ሴት ፍለጋ ወጥቶ ደም አፍስሷል። ዘፈኑ ግን ግድያውን ቁጭ ብሎ አይተርክም፤ "ፍቅር ባይኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር" በሚል ምክንያት ዙሪያ ይዞራል። አድማጩ ሰውየው እውነት እየተጸጸተ ነው ወይስ ጥፋቱን በፍቅር እያሳበበ ነው የሚለውን ራሱ እንዲፈርድ ይተወዋል። ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ስደተኞች ጋር ወደ አፓላቺያ ተራሮች የመጣ ረጅም የግድያ ባላድ ወግ አለ፤ ይህ ዘፈን የዚያ ልጅ ነው፣ ግን ትናንት የተጻፈ።

"ሚድናይት ትሬይን ቱ ሜምፊስ"፤ የእኩለ ሌሊቱ የሜምፊስ ባቡር። ቅጣት የሚከፍለው ገንዘብ አጥቶ የታሰረ ሰው ነው የሚዘፍነው። ውጭ ባቡር ሲያልፍ ይሰማል። አስቡት፤ ወንጀሉ ምን እንደሆነ አታውቁም፣ ድህነቱን ግን ታውቁታላችሁ።

"ዌር ሬይንቦውስ ኔቨር ዳይ"፤ ቀስተ ደመና የማይሞትበት። ይሄኛው የተለየ ነው። አንድ አዛውንት የሕይወቱን መጨረሻ እያየ በሰላም ይሰናበታል። ለቅሶ የለበትም፤ ድካም አለበት፣ እርጋታ አለበት። ለኔ ከሁሉም በላይ የሆነው ይሄ ነው።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ተራኪው ዘፋኙ አይደለም። እስረኛው ስቴፕልተን አይደለም፣ አዛውንቱም ስቴፕልተን አይደለም፤ ያኔ ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ልክ እንደ ቲያትር ገጸ ባሕሪው ተጽፎ አልቋል፤ ተዋናይ ቢቀየር ገጸ ባሕሪው አይጠፋም። ይሄ ነገር ባንዱን በኋላ ያዳነው ይመስለኛል። ዘፋኙ የራሱን የፍቅር ሕይወት፣ የራሱን ማስታወሻ ደብተር የሚዘፍን ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው መጥቶ ሊዘፍነው ሲል ያሳፍር ነበር።

አዴል ስትመጣ፣ እና የሳንቲሙ ነገር

እንግሊዛዊቷ አዴል በ2008 እና በ2009 አሜሪካ ስትዞር የአስጎብኚ አውቶቡሷ ሹፌር የናሽቪል ሰው ነበር፤ የደቡቡን ሙዚቃ ያስተዋወቃት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ "ፍቅር ባይኖር ኖሮ"ን ቀረጸችው። በ2011 በወጣው "21" አልበሟ ልዩ እትሞች ላይ ገብቷል፤ በዚያው ዓመት ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ባቀረበችው ኮንሰርት ላይም ዘፍናዋለች። (ዋናው መደበኛ አልበም ላይ ግን የለም፤ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ለዚህ ነው።) የቴነሲ የእስር ቤት ዘፈን በአንዲት የለንደን ሴት አፍ!

"አስፈቅዳ ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ጉዳዩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት አንድ ዘፈን አንዴ በባለመብቱ ፈቃድ ተቀርጾ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ሌላ ዘፋኝ "በራሴ ድምፅ ልቅረጸው" ካለ ባለመብቱ እምቢ ማለት አይችልም። በመንግሥት የተተመነውን ሂሳብ መቀበል ብቻ ነው። ከ1909 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ተመኑ ከ2006 እስከ 2022 ድረስ ለአንድ ዘፈን በአንድ ኮፒ 9.1 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም አድጓል።

ትንሽ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው። እንደ ምሳሌ ብቻ፣ አንድ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 1 ሚሊዮን ኮፒ ቢሸጥ በድሮው ተመን 91,000 ዶላር ይሆናል። በተለመደው አሠራር ግማሹ የአሳታሚዎች ነው፤ ቀሪው 45,500 ዶላር ለሁለት ደራሲ ሲካፈል 22,750 ዶላር ይደርሳቸዋል። አንድ ዘፈን፣ አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ ሌላ ሰው ዘፍኖት። የሬዲዮው ነገር ደግሞ ይብሳል፦ በአሜሪካ በተለመደው የኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲተላለፍ የሚከፈለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው እንጂ ለዘፋኙና ለተጫዋቹ አይደለም።

ይህ የባንዱን ሕመምም ያሳያል። ሕጉ በሚለው ብቻ ከሄድን፣ ያንን ዘፈን በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ነፍስ የዘሩበት ባንጆው፣ ቤዙና ፊድሉ ከአዴል ቅጂ የደራሲ ድርሻ የላቸውም። ዘፈኑ የሄንደርሰንና የስቴፕልተን ነው። እና እነዚህ ሁለት ደራሲዎች ሁለቱም ወጡ። ስቴፕልተን በ2010፣ ሄንደርሰን በ2011።

እንግዲህ ፍሌሚንግን፣ ቤይሊንና ሮጀርስን በዚያች ሰዓት አስቧቸው። ድምፃቸው ሄዷል። ዋና ደራሲዎቻቸው ሄደዋል። የቀረው የባንዱ ስም፣ ሦስት ሰው፣ እና ሁለት አልበም ሙሉ ዘፈን ነው። ዘፈኖቹን መድረክ ላይ መጫወት ይችላሉ፤ አዳራሾቹ ለደራሲዎች ማኅበራት በሚከፍሉት ፈቃድ ይሸፈናል። ባለቤቶቹ ግን አይደሉም።

አራት ጉሮሮ

ያመጡት ጌሪ ኒኮልስን ነው፤ የአላባማው መስል ሾልስ ሰው። ማንዶሊኑን ብሬንት ትሩዊት ያዘ። ቦታው የተገጣጠመ አይመስለኝም። መስል ሾልስ ከናሽቪል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው፤ ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን በ1967 አሪታ ፍራንክሊን የሙያ ሕይወቷን የቀየረውን ዘፈን የቀረጸችው እዚያ ፌም ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ በ1969 መጨረሻ ሮሊንግ ስቶንስ ሳይቀሩ ለመቅረጽ ወደዚያው አካባቢ መጥተዋል። የሶል ሙዚቃ መንደር ናት። ስለዚህ ባንዱ የፈለገው ስቴፕልተንን የሚመስል ሰው አልነበረም፤ የስቴፕልተን ድምፅ ከተቀዳበት ምንጭ የጠጣ ሌላ ሰው ነበር።

በ2013 "ሃመር ዳውን" ወጣ። በ2015 ደግሞ "ዘ መስል ሾልስ ሪኮርዲንግስ"፤ ስሙ እንደሚለው እዚያው አካባቢ ሼፊልድ በምትባል ከተማ የተቀረጸ። የአካባቢው ልጅ የሆነው ታዋቂው ጄሰን ኢዝቤልም በሁለት ዘፈኖች ፕሮዳክሽን ላይ ገብቶበታል። ይህ አልበም ነው በመግቢያችን ላይ ያየነውን ግራሚ ያመጣው። ልብ በሉ፤ ግራሚው የመጣው ስቴፕልተን በነበረበት ጊዜ አይደለም።

ስቴፕልተን ደግሞ በዚያው 2015 ኖቬምበር ላይ በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት መድረክ ከጀስቲን ቲምበርሌክ ጋር ዘፈነና በአንድ ሌሊት የአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። "ትራቭለር" የተባለው አልበሙ ከወጣ ወራት አልፎት ሳለ ተመልሶ የአሜሪካ የአልበም ገበታ አንደኛ ላይ ተቀመጠ። ለባንዱ ይህ ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው። በአንድ በኩል "ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?" ብሎ ኋላውን የፈለገ አድማጭ ሁሉ ስቲልድራይቨርስ ላይ ደረሰ። በሌላ በኩል መድረክ ላይ ያለው ሰው ስቴፕልተን አለመሆኑን ያወቀ ሁሉ ማወዳደር ጀመረ።

ኒኮልስ በ2017 ወጣ። የተካው ኬልቪን ዳምረል ከቤሪያ፣ ኬንታኪ የመጣ ወጣት የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ያገኘችው የታሚ ሮጀርስ ልጅ ናት፣ ዩቲዩብ ላይ። "ባድ ፎር ዩ" የተባለውን አልበም ከሱ ጋር ሠርተው በፌብሩዋሪ 2020 አወጡ። ወሩን አያችሁት? ለማስተዋወቅ ለጉዞ ሲነሱ ዓለም በኮሮና ተዘጋ። ዳምረል በ2021 ተሰናበተ፤ ማት ዴም ገባ። ዴም ናሽቪል ውስጥ ስቱዲዮ ዘፋኝነት የኖረበት ሥራው ነው። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ደራሲዎች ለሌላ ዘፋኝ የሚያቀርቡትን የናሙና ቅጂ መዝፈን ነው፤ ዘፈኑን ለሚሸጠው ሰው ሲል የሚዘፍን፣ ስሙ የማይወጣ ድምፅ ማለት ነው። ዘፈን ለሚቀድምበት ባንድ ከዚህ የተሻለ ምን ዓይነት ሰው ይገኛል?

የደራሲነቱን ክፍተት የሞላችው ደግሞ በዋናነት ታሚ ሮጀርስ ናት። ፊድል ተጫዋች ሆና ገብታ ቀስ በቀስ የባንዱ የዘፈን ምንጭ ሆነች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ ሊጎላ የሚገባው ሰው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ግን ፊት ለፊት ስለማትዘፍን ጋዜጠኛው ሁሉ "አዲሱ ድምፃዊ ማን ነው?" ብሎ ያልፋታል።

ድምፅ ምንም አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች ከሰማችሁ በኋላ የቀሩትን ስትሰሙ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማችኋል፤ የስቴፕልተን ድምፅ በየሠፈሩ የሚገኝ ድምፅ አይደለም። ባንዱም ይህን ስለሚያውቅ አራቱንም የመረጠው ከአንድ ወንዝ ነው፤ ሻካራ፣ ብሉዝ ያለበት ድምፅ። ለስላሳ፣ ከፍ ብሎ የሚያፏጭ የሞንሮ ዓይነት ድምፅ ቢያመጡ እነዚያ ዘፈኖች አይሸከሙትም ነበር። ዘፈኑ ዘፋኙን ይመርጣል እንጂ የመጣ ሁሉ ዘፈነው ማለት አይደለም።

ሄንደርሰን በሴፕቴምበር 2023 በ70 ዓመቱ አረፈ። ከባንዱ ከወጣ በኋላም ከስቴፕልተን ጋር አብሮ የጻፋቸው ዘፈኖች ወጥተዋል፤ "ብሮክን ሄሎስ" በ2018 የዓመቱ ምርጥ የካንትሪ ዘፈን ተብሎ ግራሚ ሲያገኝ ሽልማቱ የደራሲ ነበርና የሄንደርሰንም ነበር። ባንዱ በ2023 "ታፈር ዛን ኔይልስ" የተባለ የመንፈሳዊ መዝሙሮች አልበም፣ በ2025 ደግሞ "አውትራን"ን አውጥቷል።

መስማት ለምትፈልጉ አንድ ሐሳብ ልስጥ። "ሚድናይት ትሬይን ቱ ሜምፊስ"ን መጀመሪያ ከ2008ቱ አልበም ላይ ስሙት፤ ቀጥሎ ስቴፕልተን በ2017 "ፍሮም ኤ ሩም፦ ቮልዩም 2" ላይ በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም የሠራውን ስሙ። ከዚያ "ፍቅር ባይኖር ኖሮ"ን ከባንዱም ከአዴልም። የሮጀርስን ዘመን ለማወቅ ከ2015ቱ አልበም "ሎንግ ዌይ ዳውን"ን ጨምሩ። ናሽቪል ያላችሁ ደግሞ ብሉበርድ መግባት ካማራችሁ ወንበሩ ጥቂት ነውና ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፤ ገብታችሁ ግን እንዳታወሩ።